የቅቤው ቅል

«ቅሉን ከእሳቱ መልሺው» አለች ራቢዓ።

የሻረግ አልመለሰችውም። ከምድጃው አጠገብ ተንበርክካ፣ ቅሉን በሁለት እጇ አዘንብላ፣ ከታቹ የተለጠፈችው ቅቤ ለስልሳ ወደ አፉ እስክትወርድ ትጠብቃለች። ከኋላዋ ልጇ አስረሳሽ መደቡ ላይ ተዘርግታለች። ሲያምሳት ያደረው ምጥ ገና አሁን፣ ፀሐይ በበሩ ስትገባ ነው የለቀቃት። አራሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ሕፃኗ ደግሞ በአዋላጇ በራቢዓ እቅፍ ውስጥ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ በቀጭን ድምፅ ታለቅሳለች።

«የሻረግ፣ አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼሻለሁ። ልጅ ተወልዳ አናቷ ላይ ቅቤ ጣል ሳይደረግላት አትውልም። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።»

«ቅቤው ለአናት አይደለም፤ ለእናቲቱ አፍ ነው። ጡቷን ዳስሼዋለሁ፣ ባዶ ነው። እሷ ካልቀመሰች ይህች ምን ልትጠባ ነው?»

የሻረግ ቅሉን ከፍሙ ትንሽ ራቅ አደረገችው።

ያቺ ቅቤ የዶሮ እንቁላል ብታህል ነው። በቆቦ ከተማ ያን ያህል ቅቤ የተረፈው ሌላ ቤት ይኑር አይኑር እግዜር ይወቀው። ዘመኑ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት ነው። የበልጉ ዝናብ እንደ አምናው ደመናውን አሳይቶ ቀረ። ከብቱ መጀመሪያ ከሳ፣ ቀጥሎ ተኛ፣ በኋላ መነሣት አቅቶት አለቀ። ከመኪናው መንገድ ዳርና ዳር ከደጋ የወረደ ሕዝብ ተኮልኩሏል። የአስረሳሽ ባል ካሳም ጥጥ ለቀማ ብሎ ወደ አፋር ከወረደ ወዲህ ወሬው የለም።

«የሻረግን የማያውቅ የቆቦ ሰው ካለ ሚስት ያላገባ ነው» ይባል ነበር በደጉ ጊዜ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሙሽራ ስትዳር ጸጉሯን የምትጎነጉን፣ ገላዋን የምትቀባ እሷ ነበረች። ወስፌዋን ይዛ ጸጉር ስትከፍል መስመሩ ክር የተዘረጋበት ይመስላል። በአደስ ያሸችውን ቅቤ የተቀባች ሙሽራ ከሚዜዎቿ ቀድሞ መዓዛዋ ይደርሳል። ቅቤውን አሽትታ ላሚቱ ምን ግጣ እንደ ዋለች ትናገራለችም ይሏታል። ማጋነን ነው፤ ግን ሲጋነንላት ደስ ይላት ነበር።

ቅሉ የእናቷ መናጫ ነው። በወይራ ጢስ ታጥኖ፣ በጠፍር ታስሮ ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። አንድ ሕግ አለው፤ ከወተትና ከቅቤ በቀር ምንም አይገባበትም። ሌላ ቅባት የነካው መናጫ ይከፋል፣ ከዚያ ወዲያ ውለው ቢያድሩበት ቅቤ አይወጣውም። ላሞቿ አልቀው በረቱ ባዶ ከሆነ በኋላም የሻረግ ቅሉን ማጠን አልተወችም። ጎረቤቶቿ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ተመልሳ ታጥናለች።

«እስቲ ነይና ገላዋን እዪው» አለች ራቢዓ፣ ነጠላውን ገልጣ።

የሻረግ ቀረብ ብላ አየች። ሕፃኗ አጥንቷ እስኪቆጠር ከስታለች። ቆዳዋ ጎርፍ ጥሎት እንደ ሄደ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሆዷ ላይ ይላጣል፤ ቁርጭምጭሚቷና የእጇ አንጓ ላይ ከስንጥቁ ደም ይመጣል። የየሻረግ እጅ የስንቱን ሰው ልጅ ያሸ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ገላ ግን ነክቶ አያውቅም።

«ምን ሆና ነው?»

«ማኅፀን ውስጥ ተርባ ነዋ። ዘንድሮ እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ ተቀብያለሁ። ቆዳው አንዴ ከተከፈተ ሙቀቷም እርጥበቷም በዚያው ይወጣል። ጡት እስኪመጣላት አትቆይም። ዛሬ ገላዋ ካልተሸፈነ ነገን እንጃላት።»

«እኮ ለዚህ ነዋ ቅቤ የሚያስፈልጋት።»

«ዛሬ ብትቀቢያት ነገስ? እናቲቱስ? ሁለት ሰው እንቁላል በምታህል ቅቤ አይድንም የሻረግ። የሚበላውን ለሚበላ ስጪ። ለገላዋ ጉሎ እናወጣላታለን።»

«ጉሎ የምጣድ ማሰሻ ነው።»

ራቢዓ ሳቅ አመለጣት። «ይህችን ቃል የሆነ ቦታ የሰማኋት መሰለኝ።»

ሰምታታለች። የራቢዓ ልጅ ኡሙሃኒ የተዳረች ጊዜ ነው። ሙሽሪት እንደ አያቶቿ ልማድ በጉሎ ዘይት ታሽታ ስትቀርብ፣ የሻረግ አፍንጫዋን ይዛ በሙቅ ውሃ አሳጠበቻትና እንደገና በቅቤ ቀባቻት። «ለመሆኑ ሙሽራ ናት ወይስ ምጣድ?» ያለችው ነገር ከሠርጉ ዘፈን በላይ ዕድሜ አገኘ። ራቢዓ አልተቀየመችም። ጎረቤት ናቸው፣ በክፉም በደጉም አብረው ያሉ ናቸው። አጋጣሚ ስታገኝ ግን ሳታነሣባት አታልፍም።

«እሺ፣ ያድናታል?» አለች የሻረግ።

«ዋሽቼሽ ምን አገኛለሁ። ያዳነው አለ፣ ያላዳነው አለ። ዘይቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይቆምም። ደረቅ ገላ ላይ ይፈስና የታቀፈችበት ጨርቅ ይጠጣዋል። ወላሂ ከዚህ የተሻለ ባውቅ አልደብቅሽም።»

የሻረግ ልጇን አየች። የልጅ ልጇን አየች። ከዚያ ቅሉን አንሥታ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

«ጉሎሽን እንሞክረው። ካልያዘ ግን ቅቤውን እቀባታለሁ። ያን ጊዜ እጄን እንዳትይዢኝ።»

«አልይዝሽም» አለች ራቢዓ። «ያወጣሁት ዘይት አልቋል። አንቺ ፍሬውን ከፈፋው ልቀሚ፣ እኔ እነዚህን እጠብቃለሁ።»

ፈፋው ከቤቶቹ ጀርባ ነው። ክረምት ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል፤ አሁን ነጭ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ቀርቶበታል። የሻረግ እንቅቧን ይዛ ወረደች። የግራሩ ሙጫ ሳይቀር ተለቅሞ ተበልቷል። ሣር የሚባል የለም። ሜዳው እስከ ተራራው ሥር ድረስ አመድ የተበተነበት መስሏል። አንገቷን ደፍታ እየሄደች ፈፋው ከሚታጠፍበት ስትደርስ ቀና አለችና በቆመችበት ቀረች።

ጉሎው አረንጓዴ ነበር።

በዚህ ፈፋ ስትወጣና ስትወርድ ነው ያረጀችው፤ ጉሎውን ግን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። አዲስ ምጣድ ካልተገዛ ማን ያስታውሰዋል? አሁን ግን ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፍቶ፣ ግንዱ ቀልቶ፣ እሾሃማ ፍሬውን በዘለላ በዘለላ ይዞ፣ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። የቆላው ሽማግሌዎች በድሮው አፋቸው እንደ ከተማዋ ስም ቆቦ ይሉታል። ከብት አልነካውም። ፍየል አልነካችውም። ግመል እንኳ አሽትቶ አልፎታል። ሰውም፣ ያ ቅጠሉን ሁሉ እየቀቀለ ሲበላ የከረመ ሰው፣ መርዝነቱን ስለሚያውቅ እጁን አልዘረጋበትም። የሚበላው ሁሉ ሲያልቅ የማይበላው ብቻውን ተርፎ ቆሟል።

«አቤት ጌታዬ» አለች የሻረግ ቀስ ብላ።

ሰው ገንዘቡን ከሌባ እንደሚደብቅ፣ እግዜር ይህን ቅባት ከአፍ ደብቆታል። መርዝ ባያደርገው ኖሮ ገና አምና አልቆ ነበር፤ ለዛሬዋ ልጅ ባልደረሰ። ሳታስበው ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ እንደምታደርገው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ዘለላውን መቅጠፍ ጀመረች። እሾሁ ጣቷን ሲወጋት አልከፋትም።

ስትመለስ የራቢዓ የበኩር ልጅ ዘይኑዲን ደጁ ላይ ቆሟል። እህል መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ነው። የእናቱን የጉሎ ሙቀጫ ተሸክሞ አምጥቷል፤ ምግብ የማይወቀጥበት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ሙቀጫ ነው። በሌላው እጁ በጨርቅ የተቋጠረች የማሽላ ዱቄት ይዟል።

«እንኳን ማርያም ማረቻት እትዬ የሻረግ» አለ። «ይህችን ለአራሷ ይበሏት። ከጭነቱ ሥር የተጠረገች ናት፣ አሸዋ ቢኖርባት እንዳይፈርዱብኝ።»

«እግዜር ያኑርህ የኔ ልጅ» አለችው። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ፊቷን አዞረች።

እሱ ሲሄድ ሁለቱ ሴቶች ፍሬውን ፈልፍለው፣ ገል ላይ አድርገው እሳቱ ላይ ጣዱት። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር መጣ። ሽታው ወጣ። ከተማዋ ውስጥ የሚቆላ ነገር ከጠፋ ሰንብቷል፤ አሁን ግን ወፍራም የቆሎ ሽታ በበሩ ወጥቶ እስከ መኪናው መንገድ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሰዎች ናቸው። ሽታውን ተከትለው መጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ ቆመዋል። ከፊት የቆመችው በላይነሽ የምትባል፣ ከላስታ የወረደች ሴት ናት። የሻረግ ውሃ ወረፋ ላይ ታውቃታለች። ትንሽ ሴት ልጇን አዝላለች።

«እመቤቴ፣ ከምትቆሉት ለዚህች ልጅ አቅምሱልኝ» አለች በላይነሽ።

የሻረግ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በተራበ ሰው አፍንጫ ሥር መርዝ እየቆላች ነው። ምን ብላ ትናገር?

«ጉሎ ነው እህቴ» አለች። «የሚበላ ቢሆን እንኳን ላንቺ ለሁሉም ባደረስኩ። ጉሎ ነው፣ ይገድላል።»

በላይነሽ ገሉ ላይ ያለውን ፍሬ ትክ ብላ አየችው። ቂም በሌለው ድምፅ፣ «ሽታው ግን ቁርጥ ቆሎ ነው» አለች።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። በላይነሽ ግን መመለሻ አቅም አጥታ ይሁን ተስፋ ሳትቆርጥ ቀርታ፣ ከደጁ ግድግዳ ጥላ ሥር ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የሻረግ ልትገፋት አልቻለችም፣ የምታቀምሳትም የላትም። መቁላቷን ቀጠለች።

ራቢዓ የተቆላውን ወቀጠችው። ሊጥ ሲመስል ከእንስራው ቆጥባ ውሃ ጨመረችና አፈላችው። ዘይቱ ቀስ በቀስ ከላይ ተንሳፈፈ። በማንኪያ እየቀዳች ጣባ ውስጥ አጠራቀመችው፤ አተላውን ግን ራሷ ይዛ ወጥታ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው፣ ድንጋይም ጫነችበት። የተራበ ሰው ማታ መጥቶ ያወጣዋል ብላ ፈርታ ነው። ጣባው ውስጥ የቀረው ዘይት ማር መሰለ። የሻረግ አሸተተችው። ዛሬ አፍንጫዋን አልያዘችም።

«በይ ቅቢያት» አለች ራቢዓ። «ከኔ እጅ ያንቺ ይለሰልሳል።»

ቀባቻት። መጀመሪያ ጥሩ መስሎ ነበር፤ ገላዋ አብረቀረቀ። ወዲያው ግን ዘይቱ ከሆዷ ወደ ጎኗ፣ ከጎኗ ወደ ነጠላው ወረደ። ስንጥቁ እንዳፈጠጠ ቀረ። እንደገና ቀባቻት፣ እንደገና ፈሰሰ። ሕፃኗ ደግሞ ማልቀሷን አቆመች። ስታለቅስ ይሻል ነበር፤ ዝምታዋ ያስፈራል። የሻረግ የልጅቱን እግር በእጇ ብትይዘው ቀዝቅዟል።

ተነሥታ ቅሉን ከምሰሶው አወረደችው። ራቢዓ አየቻት። ቃሏን ጠብቃ እጇን አልዘረጋችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ አስረሳሽ ፊቷን መለሰች። አራሷ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ትመለከት ነበር። አፏ ደርቆ ከንፈሯ ተጣብቋል።

የሻረግ ቅሉን እንደያዘች ቆመች። ከምሰሶው ማዶ የሙያዋ ሙዳይ ተንጠልጥሏል፤ ሚዶዋና ወስፌዋ ያሉበት። ወደዚያ እያየች እጇ አሰበ እንጂ እሷ አላሰበችም። ሙሽራ ስትሠራ ግንባር ላይ አልያዝ የሚል ለጋ ጸጉር ይኖራል። ቅቤ ብትቀባው ይንሸራተታል፣ ብትጎነጉነው ያመልጣል። ያን ጸጉር በምን ነበር የምታስይዘው?

«ተልባ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዘይትሽ የሚይዘው አጥቶ ነው። ቅቤ አልይዝ ያለውን ጸጉር የማስይዘው በተልባ ውሃ ነው። ጸጉር ከያዘ ገላ ለምን አይዝም?»

«ተልባ ደግሞ ከየት ይመጣል?»

የሻረግ ሙዳዩን አወረደች። ከወስፌው ሥር፣ በጨርቅ የተቋጠረች አንዲት ጭብጥ ተልባ አለች፤ ለአራሷ ትሆናለች ብላ የቆጠበቻት።

«እሱም እኮ የሚበላ ነው» አለች ራቢዓ።

«መች ይባክናል? ውሃው ለልጅቱ ገላ፣ ፍሬው ለእናቷ።»

ተልባውን ሳትፈጭ በውሃ አፈላችው። ውሃው ወፈረ፣ ተዝለገለገ፤ በማንኪያ ቢያነሡት ክር እየሠራ ይወርዳል። በጨርቅ አጥልላ ሌላ ጣባ ውስጥ አደረገችው፤ ፍሬውን ለብቻ አስቀመጠች። በረድ ሲል ከተልባው ውሃ ጥቂቱን ለብቻ ቀድታ፣ ዘይቱን ጠብ እያደረገችበት በተሰነጠቀ እንጨት መምታት ያዘች። መጀመሪያ ሁለቱ አልተስማሙም። ዘይቱ ለብቻው ክብ ክብ እየሠራ ይንሳፈፋል። የሻረግ አላቆመችም። ክንዷ ዛለ፣ ላቧ በግንባሯ ወረደ። ራቢዓ ጠብ እያደረገች፣ እሷ እየመታች፣ ሁለቱም ጣባው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ ነገሩ ነጣ።

የሻረግ እጇ በእንጨቱ ላይ ቆመ።

ማር የመሰለው ዘይትና አፈር የመሰለው የተልባ ውሃ ተዋሕደው ነጭ ሆነዋል። አይፈስም። እንጨቱን ብታነሣው ተከትሏት ተነሥቶ፣ በቦታው ቁልል ብሎ ቀረ።

«ያረቢ» አለች ራቢዓ በሹክሹክታ። «ቅቤ ሆነ።»

የሻረግ ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ከላም ነው ስትል ኖራለች። ላም ከሣር፣ ሣር ከዝናብ። አሁን ዝናብ የለም፣ ሣር የለም፣ ላም የለም፤ ፊቷ ያለው ነገር ግን ቅቤ መስሎ ተቀምጧል። ጣቷን ነክራ በአውራ ጣቷ አሸችው። ለሰለሰ። እሾህ የወጋው የእጇ ቆዳ ሲጠጣው ተሰማት።

ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ከቁርጭምጭሚቷ ጀመረች። ነጩ ቅባት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቆመ፤ ደም ያዘለው መስመር ተሸፈነ። ወደ ጉልበቷ ወጣች፣ ወደ ሆዷ፣ ወደ ጀርባዋ። የሚላጣው ቆዳ ተኛ። ከእግሯ ጨርሳ ደረቷ ስትደርስ እግሯ ላይ የነበረው ነጭ ጠፍቶ ወዙ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቆዳዋ ጠጥቶታል። እንደገና ቀባችው፣ እንደገና ጠጣ።

«አይተሻል?» አለች የሻረግ። «ተጠምቶ ነበር። ሰው በገላውም ይጠማል ለካ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ራቢዓ። «ስጨብጣት እግሯ እየሞቀ ነው።»

የሻረግ አናቷን መጨረሻ አስቀረችው። በጣቷ ጫፍ ጥቂት አንሥታ ርግብግቢቷ ላይ ጣል አደረገች። ከቅባቱ በታች ሕይወት ትር ትር ሲል ጣቷ ሰማ። ረጅም ጊዜ ጣቷን አላነሣችም። ሕፃኗ የጨበጠችውን እጇን ቀስ ብላ ዘረጋች፣ አዛጋች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ደህና የሆነ፣ የሚያናድድ፣ የሰው ልጅ ልቅሶ። ራቢዓ ሳቀች፤ የሻረግም እያለቀሰች ሳቀች።

ቅሉን ከፍሙ ጠጋ አደረገችው። ቅቤዋ ለስልሳ ወረደች። የማሽላውን ዱቄት አጥሚት አድርገው፣ የተልባውን ፍሬ ወቅጠው ጨምረውበት ነበር፤ ቅቤውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ አንጠፈጠፈችበት።

አስረሳሽ ጣሳውን ስትቀበል አመነታች። «እማ፣ ቅቤው እኮ ለልጅቱ ብለሽ ያስቀመጥሽው ነው።»

«ለልጅቱ ነው። ባንቺ በኩል ይደርሳታል። ጠጪ።»

ጠጣች። ስትጨርስ የጣሳውን ጠርዝ በጣቷ ጠረገችና ጣቷን ላሰች። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ራቢዓ ሕፃኗን ጡቷ ላይ አደረገችላት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ልጅቱ ግን አልተወችም። በኋላ ከከንፈሯ ጥግ አንዲት ወፍራም ቢጫ ጠብታ ታየች፤ ሁለቱ ሴቶች ያችን ጠብታ እስክትዋጥ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ራቢዓ ከጣባው ሥር የቀረውን ቅባት አየችና ወደ ደጅ ወጣች፤ የሻረግም ተከተለቻት። በላይነሽ እዚያው ግድግዳ ሥር ናት። ራቢዓ ምንም ሳትጠይቅ የበላይነሽን ልጅ ቅልጥም ያዘች። እሱም ተሰነጣጥቋል፣ ዝንብም ወሮታል። ጣባውን በጣቷ ጠርጋ ቀባችላት። ልጅቱ ዝም ብላ ታይ ነበር። ከዚያ የሚያብለጨልጨውን እግሯን በጣቷ ነካችው፤ የራሷ መሆኑን ያላመነች ይመስል ደግማ ነካችው። በላይነሽ አንገቷን ደፋች።

«የሚበላ አይደለም ብለሽኝ ነበር» አለች ለየሻረግ። «ይኸው ቆዳዋ በላው።»

ከመንገዱ ዳር አንድ ሁለት ሰው ቀና ብሎ አየ። አንዲት ሴት የአንድ ልጅ እጅ ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ሌላ። ቁንጥር ቅባት የቀረበት ጣባ ወዲያው ባዶ ሆነ። የሻረግ ወደ ቤት ተመለሰች። እንቅቡ ውስጥ ገና ብዙ ጉሎ አለ፤ የተረፈው የተልባ ውሃም በሌላው ጣባ ተቀምጧል።

«በዚህች ጣባ፣ በዚህ እንጨት፣ እስከ ነገም ብንመታ ለዚህ ሁሉ ሰው አይደርስም» አለች ራቢዓ ክንዷን እያሸች። «በብዛት መናጥ ነበር።»

«መናጥ» የሚለው ቃል ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የታወቃት። ሁለቱም ወደ ቅሉ አላዩም፤ አስረሳሽ ግን አየች። ቅሉ ከምድጃው ጎን ተጋድሟል። ከአስረሳሽ አያት ጀምሮ ወተት ብቻ የጠጣ ቅል ነው፤ ነገ ዝናብ ቢመጣ፣ ካሳ አንዲት ጊደር እየነዳ ቢመለስ፣ የሚጠብቃት ቅል።

የሻረግ ጉሎውን ገሉ ላይ አደረገች። ሽታው እንደገና ወጣ፤ አሁን ግን ደጅ የቆሙት ምን እንደሆነ ያውቁታል፣ ማንም አልጠየቀም። ወቀጡት፣ አፈሉት፣ ቀዱት። ጣባው እስከ አፉ ሞላ። የሻረግ ቅሉን አነሣች። ጠፍሩን ፈታች፣ ውስጡን አንድ ጊዜ አሸተተች፤ ወይራና ቅቤ ይሸታል።

«እማ» አለች አስረሳሽ ከመደቡ፣ ሕፃኗን ታቅፋ። «ቅሉ እኮ ይከፋል። ከዚህ ወዲያ ቅቤ አይወጣውም።»

«ላሚቱ ትምጣ እንጂ ቅል ይበቅላል» አለች የሻረግ።

የጉሎውን ዘይት አፈሰሰችበት፤ የተልባውን ውሃ አስከተለችበት። አፉን በጨርቅ ወትፋ ደጃፉ ላይ፣ ሰዎቹ ፊት ተቀመጠች፤ ቅሉንም ጭኗ ላይ አስተኝታ መናጥ ጀመረች።